ለወጣቱ ሁለት ደቂቃ

በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን፣ ልታስተናግድ ነው። አዘጋጆቹ ስለ ሆቴሉና ስለ መንገዱ ከወዲሁ እንደሚጨነቁ አልጠራጠርም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ የወጣቱ ጉዳይ ነው። ወጣት ያልታየበት ጉባኤ ዛሬ ነውር ነው፤ ወጣት የወሰነበት ጉባኤ ደግሞ እስካሁን አልተሰማም። በነውርና በአደጋ መካከል ያለችውን ቀጭን መንገድ ዓለም ከ30 ዓመት በላይ ሲመላለስባት ኖሯል፤ እኛ ከዜሮ መጀመር የለብንም።

ነገሩ የተጀመረው በጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ በተካሄደው የምድር ጉባኤ ሰቨርን ካሊስ-ሱዙኪ የምትባል የ12 ዓመት ካናዳዊት ልጅ ታላላቆቹን ፊት ለፊት ገሠጸቻቸው፤ መጠገን የማትችሉትን አታበላሹ አለች። ቪዲዮው እስከ ዛሬ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ልጅቷ ግን ወደ 50 ዓመቷ እየተጠጋች ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በኮፐንሃገኑ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ ከሰለሞን ደሴቶች የመጣች የ17 ዓመት ወጣት፣ ከተወለድኩ ጀምሮ እየተደራደራችሁ ነው ስትል ተናገረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ደርባን ላይ አንጃሊ አፓዱራይ የተባለች ተማሪ ያንኑ ደገመችው። መደጋገሙ ቅር የሚያሰኘው ቢኖር አልገባውም ማለት ነው። ድርድሩ ካላለቀ ንግግሩ በምን ያረጃል? እያንዳንዱ ትውልድ አንድ ጊዜ ሊለው ይገባል።

ደርባን ላይ የመድረኩ ሰብሳቢ የሰጡትን መልስ በተለይ አጥኑልኝ። እንደ ግል አስተያየት ነው ብለው፣ የዓለምን ግማሽ ሕዝብ የወከለ ተናጋሪ መጀመሪያ መናገር ሲገባው ለምን መጨረሻ ላይ እንደምናስቀምጠው ይገርመኛል አሉ። እንዴት ያለ ጨዋ ሰው! በግሉማ የማይቆረቆር ሹም የት አለ? በሥራ ሰዓት ግን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር አለ፦ መጀመሪያ የመንግሥታት ቡድኖች፣ ቀጥሎ መንግሥታት፣ ከዚያ ጊዜ ከተረፈ ታዛቢዎች፣ ከታዛቢዎቹም መሐል ወጣቶች። ሁለት ደቂቃ። ሰዓቱ ሲሞላ ማይኩ ይዘጋል፤ ወጣት ሰዓት ማክበርን ከታላላቆቹ ይማራል፤ ታላላቆቹም ሁለት ሳምንት አልበቃቸው ብሎ ሁለት ቀን ይጨምራሉ።

ሳይጋበዝ የሚመጣ ወጣት ቢያጋጥምስ? ዱባይ እ.ኤ.አ. በ2023 አሳይታናለች። አንዲት የ12 ዓመት ሕንዳዊት የቅሪተ አካል ነዳጅ ይቁም የሚል ጽሑፍ ይዛ መድረኩ ላይ ወጣች። ሸኝተው አወጧት፤ የጉባኤው ዋና ዳይሬክተርም የልጅቷን ወኔ አድንቀው ታዳሚው በድጋሚ እንዲያጨበጭብላት ጠየቁ። በዚያው ጉባኤ ላይ፣ የሲቪል ማኅበራት ጥምረት እንደቆጠረው፣ 2,456 የነዳጅ ኩባንያ ጉዳይ አስፈጻሚዎች ባጅ አንጠልጥለው ይንሸራሸሩ ነበር። ለእነርሱ ማንም አላጨበጨበም፤ ድምፃቸው ይሰማ ብሎ መፈክር ያነገበላቸውም የለም። ያሳዝናሉ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይሉ ነበር አባቶቻችን። የዛሬው አሠራር ተረቱን አዘምኖታል፦ ልጁ ያቦካል፣ ሲያቦካ ፎቶ ይነሳል፣ ራቱ ከሌላ ቤት ይመጣል። ሻርም ኤል ሼክ ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 የሕፃናትና የወጣቶች ድንኳን ተተከለ፤ እዚያ ውስጥ ወጣት ከወጣት ጋር ስለ ወጣት እንደ ልቡ ይወያያል። የጉባኤው የወጣቶች ልዑክም የተሾመው ያኔ ነው፤ ሹመቱ ዱባይ ላይ ቋሚ ሆኗል። ግላስጎው የጸደቀው ሰነድ አገሮች ትርጉም ያለው የወጣቶች ተሳትፎ እንዲኖር ያሳስባል፤ ማሳሰብ ደግሞ ማንንም አይጎዳም። የፓሪሱ ስምምነት የሕፃናትን መብትና የትውልዶችን ፍትሕ ያከበረው መግቢያው ላይ ነው፤ አስገዳጅ አንቀጽ ከመጀመሩ በፊት፣ ነፋሻማ ቦታ።

ወደ ቤታችን ስንመጣ አስቸጋሪው ምርጫው ነው። አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት ከሽፎበት ከብቶቹ ያለቁበትን የቦረና ልጅ እንዳትጠሩብኝ! ስለ ከብቶቹ መጠየቁ አይቀርም፤ ጥያቄው ደግሞ ቁጥር አለው፣ ቁጥር ያለው ጥያቄ የበጀት መልስ ይፈልጋል። እንግሊዝኛው የሚፈስ፣ አውደ ጥናት የለመደ፣ በአበል ጉዳይ ልምድ ያካበተ ልጅ ፈልጉ። የአንድ ኃላፊ ዘመድ ቢሆንማ ምን ገዶ፤ የትውልዶች ትስስር ማለት ይኸው አይደል? የቀሩት ቲሸርትና ኮፍያ ለብሰው መንገድ ዳር ቢቆሙ ከተማዋ ትደምቃለች። ዛሬ ስለ ድርቅ ለመናገር ድርቅ ካለበት መምጣት ግዴታ ነው ያለ የለም።

የመመለሻ ትኬት ነገር አይዘንጋ። የደርባኑም፣ የማድሪዱም፣ የባኩም ጉባኤ ዓርብ ሊያልቅ ተቀጥሮ ያለቀው እሑድ ነው። ገንዘቡ ስንት ይሁን፣ ማን ይክፈል፣ ከነዳጅ የምንወጣው መቼ ነው የሚለው ሁሉ ስምምነት አጥቶ በቅንፍ ታጥሮ የሚከርመው እስከ ቅዳሜ ሌሊት ነው። ስለዚህ የወጣቶቹ ትኬት ዓርብ ማታ ይቆረጥ። ሐሙስ መግለጫቸውን በክብር ተቀበሏቸው፣ ዓርብ ኬክ ቁረሱላቸው፣ ቅዳሜ በሩን ዝጉና ሥራችሁን ሥሩ። የተሳትፎ ሰርተፊኬቱን ከአሁኑ ማሳተም ይቻላል፤ ስም የሚሞላበት መስመር ብቻ ክፍት ይተው።