ንፋስ ፈሪ፣ ትንፋሽ ደፋር

«ረዳት፣ ያንን መስኮት ዝጋልን! ንፋሱ ሊገድለን ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ ንፋስ ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ አዳማ ላይ የሚተከለው ተርባይን ሳይሆን የመቃብር ሐውልት ነበር።»

እንዲህ ብሎ የሚመልስ ረዳት ባገኝ መልሱን ሰምቼ መልሴን እተውለት ነበር። ግን የለም። የኛ ረዳት አፉ የሚፈታው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ለማለት ነው፤ መስኮት ላይ ሲደርስ ጋሼን ይፈራል። ስለዚህ መስኮት ከፋች ወገኖቼ በየታክሲው፣ በየቤቱና በየቢሮው ቃል አጥሯቸው እንዳይቀሩ ዛሬ መልስ ላቀብል ተነሥቻለሁ። ክፍያ የለውም። አየርም ድሮ እንዲሁ ነበር።

«ብርድ ይመታኛል» ላሉት በዚህ ጀምሩ፦ «ልክ ነዎት ጋሼ፣ ይበርዳል። ለብርድ ግን ካፖርት ተሰፍቷል፤ ለሰው ሳል እስካሁን አልተሰፋም።» ካልተበገሩ ቀጥሉ፦ «ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ ሳይታጠብ አይነኩም፤ ሰው የተነፈሰውን አየር ግን ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ሲስቡት ቅር አይልዎትም። 12 ሰው እንዲጭን በተፈቀደለት ሚኒባስ 16 ሆነን ተደራርበናል። ያ መስኮት ከተዘጋ የምንካፈለው የርስ በርሳችንን ሳንባ ነው።»

ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ይነሣሉ፦ «ልጄ፣ ሳንባ ነቀርሳ የሚይዘው እኮ በብርድ ነው።» እናት አይተረብም። በትሕትና አንድ ታሪክ ንገሯቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሪቻርድ ራይሊ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተኙበትን ክፍል አየር በቱቦ እየሳቡ ከላይ ለተቀመጡ ጊኒ ፒጎች ሰጡ። ጊኒ ፒግ አይጥ የሚመስል፣ ጭራ የሌለው እንስሳ ነው። እነዚህ ምስኪኖች ከሕሙማኑ ጋር አልተጨባበጡም፤ ከአንድ ሳሕን አልጎረሱም፤ በታክሲ መስኮት ብርድ አልመታቸውም። የተጋሩት አየሩን ብቻ ነው። ተያዙ። ቱቦው ውስጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ያለፈ አየር የደረሳቸው ግን ተረፉ። «እማማ፣ ጀርሙ የሚጓዘው በአየር ነው፤ ብርዱ ስሙ በከንቱ ጠፍቶ ነው» በሏቸውና መስኮቱን በአክብሮት ገርበብ አድርጉት።

ታክሲስ ቢሆን ሲደርስ እንወርዳለን። ቤትስ?

«ከውጭ የመኪና ጭስ እየገባ እንዴት መስኮት ልክፈት?» ይህ ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ስለሆነ ግማሹን በቁም ነገር እመልሳለሁ። እውነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠው የዓመት ልክ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ነው፣ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ይህንን በብዙ እጥፍ ያልፈዋል። አስፋልት ዳር ያለ ሰው የጓሮውን መስኮት ይክፈት፤ መንገዱ ጋብ ሲል ይክፈት። አቅሙ የፈቀደ ሄፓ ፊልተር ያለው የአየር ማጣሪያ ይግዛ። ግማሹ መልስ ደግሞ ይኸው፦ ሽንኩርት እየተቁላላ፣ በርበሬ እየታመሰ፣ ሰንደል እየጨሰ መስኮት ለሚዘጋ «አንተ፣ የዘጋኸው ጭሱ እንዳይገባ ነው ወይስ እንዳይወጣ?» በሉት። የቡናውን ዕጣን አልነካም፤ ከነክብሩ ይጨስ። ቤቱን ባርኮ ሲያበቃ ግን መውጫ ይሰጠው።

ከሰል ላይ ስደርስ ተረቡን አቆማለሁ። በየክረምቱ «ጭሱ አልቋል፣ ፍሙ ብቻ ነው የቀረው» ተብሎ ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ በር ይዘጋል፤ ጠዋት የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ በማይታይበት የቀላ ፍም ላይም አለ። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን 200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በተቀመጠች ከተማ ኦክስጅኑ ቀድሞውኑ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከጀመረ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ብርድ ልብስ ጨምሩ፤ ከሰሉን ግን ደጅ አሳድሩት።

አሁን ወደ ቢሮ። «ስብሰባ ላይ እንቅልፍ የሚጥለኝ ተናጋሪው ነው» የሚል ባልደረባ አላችሁ? «ግማሹ የሱ ጥፋት ነው፤ ግማሹ የመስኮቱ» በሉት። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር፣ የክፍሉ አየር ከሺሕ አንድ እጅ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሆነ ተበላሽቷል ያለው በ1858 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ እኛ ጋ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ወሬው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መንገድ ላይ ነው፤ አዳራሻችን ገና አልደረሰም። ዛሬ የውጭው አየር ከሚሊዮን 420 ገደማ ይይዛል፤ በተዘጋ አዳራሽ ግን የመክፈቻ ንግግሩ ሳያልቅ ሺሑን ማለፍ ምንም አይከብድም። ጋዙ በዚህ መጠን አይገድልም፤ ያሳብቃል እንጂ። የሰው ትንፋሽ መጠራቀሙን የሚናገር ምስክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ጊዜ ለቢሮና ለመሰል ቦታዎች የመከረው ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር አየር ነው። የኛ አዘጋጅ ለአንድ ተሰብሳቢ የሚመድበው ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ ነው፤ እሱም በጀት ካለ።

«እኛ እኮ ኤሲ አለን» ባዩ ይከተላል፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚናገረው። ወንድም ዓለም፣ ግድግዳህ ላይ የተሰቀለው ስፕሊት ኤሲ ከውጭ አንዲት ማንኪያ አየር አያስገባም። በቱቦው ከውጭኛው ማሽን ጋር የሚመላለሰው የማቀዝቀዣው ጋዝ ነው። ኤሲህ የትናንቱን ሽሮ አሙቆ እንደሚያቀርብ ምግብ ቤት ነው፤ ያንኑ የክፍሉን አየር አቀዝቅዞ መልሶ ያቀርብልሃል። ካላመንከኝ ጓንግዡን ጠይቅ። በ2020 እ.ኤ.አ. የቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ ላይ፣ መስኮት በሌለው ምግብ ቤት ውስጥ 3 ቤተሰቦች ተጎራብተው ምሳ በሉ። ከውሃን የመጣ አንድ እንግዳ በመካከላቸው ነበረ። ኤሲው የሱን ትንፋሽ በሦስቱ ጠረጴዛዎች ላይ ሲያዞረው ዋለና በድምሩ 10 ሰዎች በኮቪድ ታመሙ። ከአስተናጋጆቹ አንድም አልተያዘም። እንዲያ ያለ መስተንግዶ ከሰውም አይገኝ።

ኤሲ ማጽዳት የሚያውቀው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው አይደለም። ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እኅታችን ናት። መስኮት በማይከፈትበት ሙቀት ከኤሲ ሥር ኖራለች፤ ፊልተር ሲደፈን ወንበር ላይ ወጥታ የምታወርደው እሷ ነበረች። ይህች ልጅ አንዱ አዲስ ሕንፃ ላይ በጽዳት ብትቀጠር ከኃላፊው ጋር የሚኖራቸው ወግ ከወዲሁ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ ኤሲው ይሸታል። ፊልተሩን አውርጄ ልጠበው?»

«ተይው! እሱን የሚነካው ቴክኒሻን ብቻ ነው።»

«ቴክኒሻኑ መቼ መጣ?»

«ሕንፃው ሲመረቅ።»

«ታዲያ ላትነኩት ሪባኑን ለምን ቆረጣችሁት?»

ሥራው እንኳ ስብሰባ የሚጠራበት አይደለም። ማሽኑ ይጠፋል፣ ሽፋኑ ይከፈታል፣ ፊልተሩ ይወጣል፣ በውሃ ታጥቦ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ይመለሳል። ዘወትር የሚሠራ ኤሲ ይህን በወር አንዴ ገደማ ይፈልጋል። ቴክኒሻን የሚያስፈልገው ከፊልተሩ ጀርባ ላለው ጉድ ነው። ቀዝቃዛው ብረት ውሃ ያንጠባጥባል፤ ውሃው ከሥር ባለ ሳሕን ይጠራቀማል፤ የሳሕኑ ማፍሰሻ ሲደፈን ውሃው ያቁራል፤ ባቆረው ላይ ሻጋታ ይበቅላል፤ ማራገቢያው ደግሞ ያንን በየፊታችን ይነፋል። «ኤሲው ውሃ መትፋት ጀመረ» ብለህ ከሥሩ ባልዲ ያስቀመጥክ ሰው፣ ባልዲ ጥገና አይደለም። ረጃጅም ቱቦ ባለው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ይህ ሁሉ ከኮርኒስ በላይ ስለሚሆን ባልዲ የሚያስቀምጥ እንኳ አይገኝም። ያልታየ ቆሻሻ ደግሞ እኛ ጋ የለም ማለት ነው።

«በውሃ ጠብታ የሞተ ሰው አለ?» ለሚል ደፋር ፊላደልፊያን ጥሩለት። በ1976 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ላይ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር አባላት ቤልቪው ስትራትፎርድ ሆቴል ለስብሰባ ገቡ። ጦርነት ወጥተው የተመለሱ ሰዎች ናቸው። እነሱንና ሌሎችን ጨምሮ ከ200 በላይ ሰው በሳንባ ምች ወደቀ፤ 34ቱ ሞቱ። ገዳዩ ባክቴሪያ ማንነቱ የታወቀው ከወራት በኋላ፣ በ1977 መጀመሪያ ላይ ነው፤ በሟቾቹ ማኅበር ስምም ሌጂዮኔላ ተባለ። ጣት የተቀሰረው በሆቴሉ ማቀዝቀዣ ማማ ላይ ነበር። ይህ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ለብ ያለና የቆመ ውሃ ይመቸዋል፤ ወደ ሰው የሚገባውም ውሃው በደቃቁ ሲረጭ ነው። እንግዲህ «መብራት ይቆጥባል» ብላችሁ የሙቅ ውሃ ማጠራቀሚያችሁን ለብ አድርጋችሁ የምታቆዩ ባለ ሆቴሎች፣ 60 ዲግሪ አድርሱት። እንግዳው ሻወሩን ነው የከፈለበት።

«የኛ ሕንፃ ንጹሕ አየር ማስገቢያ አለው» የሚል ደግሞ አለ። ደግ ነው፤ ወግ ነው። «የት በኩል?» በሉት። «ከጀነሬተሩ አጠገብ» ካለ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኤሌክትሪክና የናፍጣ ጭስ በየፎቁ እኩል ይታደላል ማለት ነው፤ ፍትሐዊ አከፋፈል ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ማስወጫ ፋን ከተቃጠለ ወዲህ ሽታው በሻፍቱ በኩል ፎቅ ለፎቅ ይጎበኛል። ጽዳት ኃላፊው ግን አይሸነፍም።

«ኤር ፍሬሽነር ነፍተናል እኮ።»

«ሽታውን ሽቶ ቀባኸው እንጂ መቼ አስወጣኸው? አሁን ለሠርግ ነው የተሰናዳው።»

በዚህ አያያዛችን በአገሩ በቅጡ ንፋስ መውጫ ያለው ጋይንት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለማንኛውም ነገ ቢሮ ስትገቡ የሕንፃውን ኃላፊ በሰላምታ ያዙትና አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፤ የኤሲው ፊልተር መጨረሻ የታጠበው መቼ ነው? ቀኑን በወረቀት የሚያሳያችሁ ከሆነ አመስግኑት። «በቅርቡ» ካለ አልታጠበም።