ያዩትን ፊልም ከፍሎ ዳግም ስለማየት፦ የመስክ ጥናት

ሰው ቤቱ ያለውን፣ ታሪኩን በቃሉ የያዘውን፣ መጨረሻውን ቀድሞ እየተናገረ ብዙ ወዳጅ ያስቀየመበትን ፊልም፣ ለመኪና ማቆሚያ ከፍሎ፣ ለትኬት ከፍሎ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር የክንድ መደገፊያ እየተሻማ በትልቅ ስክሪን ዳግም የሚያይበት ምክንያት እስካሁን ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ሊቃውንቱ በጥቁር ጉድጓድ ሲጠመዱ ይህ ክፍተት ሳይደፈን ቆይቷል። የጥናቱ ዓላማ ክፍተቱን፣ በተቻለ መጠን ከወንበር ሳይነሱ፣ መድፈን ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር አንድ ነገር። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው። በእኛው ቢጻፉ እያንዳንዱ ፊልም ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይበልጥ ክላሲክ በመሰለ ነበር፤ አጥኚው ግን በማጭበርበር መጀመር አልፈለገም።

የመስኩ ቦታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ሲልቨር ቴአትር ነው። ጆን ኤበርሰን የነደፈው ይህ ሲኒማ ቤት በ1938 ተከፍቶ በ1980ዎቹ ተዘጋ፤ በ2003 ደግሞ በአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት እጅ ታድሶ ተከፈተ። ማለትም ሕንፃው ራሱ ዳግም የተለቀቀ ነው። የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዛሬ ጥቂት ቤቶች ብቻ የሚችሉትን 70 ሚሊ ሜትር ፊልም ማሳየት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከፊልሙ በኋላ ክትፎ በእግር የሚደረስበት ርቀት ላይ ነው። የመረጃ ጥራት ከክትፎ በሚኖረው ርቀት እንደሚወሰን ማንኛውም የአካባቢው ሐበሻ ተመራማሪ ያውቃል።

የመስኩን የመጀመሪያ ሕግ ያገኘው የዲዝኒ ኩባንያ ነው። በ1937 የወጣችው «ስኖው ዋይት» በ1944 ዳግም ለሕዝብ ቀረበች፤ ቀጥሎም በ1952፣ በ1958፣ በ1967፣ በ1975፣ በ1983፣ በ1987 እና በ1993። ስሌቱ ግልጽ ነው፦ በሰባት ዓመት ገደማ ፖሟን ያላየ አዲስ የልጅ ምርት ይደርሳል። ይህን አሠራር እኛ በቡና ስናውቀው ኖረናል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ልዩነቱ፣ ቡናው በዙር እየቀጠነ ሲሄድ ፊልሙ በቶናው «የታደሰ»፣ በበረካው «የአምሳኛ ዓመት እትም» እየተባለ ዋጋው መወፈሩ ነው።

የዲዝኒ ሕግ ግን ለአዋቂ አይሠራም። አዋቂው ፊልሙን አይቶታል። ስለዚህ ለእርሱ ሌላ ዘዴ ተፈጠረ፤ ፊልሙን ነካ ነካ ማድረግ። ነቢይ መኮንን በደርግ እስር ቤት ሳለ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ልቦለድ በ1939 ፊልም ሆኖ ነበር። ይኸው ፊልም በ1967 በ70 ሚሊ ሜትር ዳግም ሲለቀቅ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ምስሉ ከላይና ከታች ተቆረጠ። ቦታ የጠበበው እስረኛው ነበር፤ የቆረጠው ግን ስቱዲዮው ነው።

«ኢ.ቲ.» በ2002 ሃያኛ ዓመቱን ሲያከብር ፖሊሶቹ ጠመንጃቸው በኮምፒውተር ተወስዶ በምትኩ የመገናኛ ሬዲዮ ያዙ። ስፒልበርግ ኋላ ተጸጽቶ ጠመንጃውን መለሰላቸው። በታሪክ ፖሊስ ትጥቅ የፈታበትና መልሶ የታጠቀበት፣ ደም ያልፈሰሰበት ብቸኛው ሂደት ይህ ሳይሆን አይቀርም። «ታይታኒክ» ደግሞ በ2012 በ18 ሚሊዮን ዶላር ወደ ሦስት አውታር ተቀየረ። ጄምስ ካሜሮን ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ከታሪኩ ያረመው አንድ ነገር ነው፦ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኒል ዲግራስ ታይሰን በዚያ ሌሊት ሰማዩ እንዲህ አልነበረም ብሎ ስለወቀሰው ከዋክብቱን ቦታ ቦታቸው አስገባ። መርከቧ በተስተካከለው ሰማይ ሥርም ሰጥማለች። በእንጨቱ ላይ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቦታ ነበር የለም የሚለው ጉዳይም አልተነካም።

ለምን አሁን በዛ ለሚል፣ መልሱ ከጥበብ ይልቅ የጓዳ ጉዳይ ነው። ዱሮ ፊልም ዳግም ለማውጣት ከባድ ጥቅልል ማባዛትና ማጓጓዝ ነበረበት፤ ዛሬ ፋይል ነው። በዚያ ላይ በ2020 በወረርሽኙ፣ በ2023 በጸሐፊዎቹና በተዋንያኑ የሥራ ማቆም አድማ አዲስ ፊልም ጠፋ። በ2020 ሰኔ ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጠው በሚያዩባቸው ሜዳዎች ድጋፍ «ጁራሲክ ፓርክ» ከ27 ዓመት በኋላ በአሜሪካ የሳምንቱ መጨረሻ ገቢ አንደኛ ወጣ። ሰው ቤቱ ሲገባ ዳይኖሰር ወጣ፤ ከዚህ በላይ ትንታኔ አያስፈልገውም።

ዋናው ናሙና «ሎሬንስ ኦቭ አረቢያ» ነው። ዴቪድ ሊን በ1962 ሲያስመርቀው 222 ደቂቃ ነበር። ብዙም ሳይቆይ 20 ደቂቃ ያህል ተቀነሰለት፤ ለኋላው ዳግም ልቀት ደግሞ ወደ 187 ወረደ። በ1989 ሮበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ የተጣለውን ሲሰበስቡ ምስሉ ተገኝቶ ድምፁ የጠፋበት ክፍል ገጠማቸው። ስለዚህ ፒተር ኦቱልና አሌክ ጊነስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ተጠርተው ለወጣትነታቸው ድምፅ አቀበሉ። ጃክ ሆኪንስ በ1973 አርፎ ስለነበር የእርሱን ሌላ ተዋናይ ተናገረለት። እውነተኛው ሎሬንስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ገደማ ሲሆን እርሱን የሚጫወተው ኦቱል 1 ሜትር ከ88 ነው፤ በሲልቨር ቴአትር ስክሪን ላይ ደግሞ እንደ ፎቅ ነው። ሰውዬው በየእትሙ ያድጋል።

ፊልሙ በጨለማ ይጀምራል። የሞሪስ ዣር ሙዚቃ ከ4 ደቂቃ በላይ ሲነፋ ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ተመልካች ማን ማን እንደሆነ የሚለየው እዚህ ነው። አዲሱ ዘወር ብሎ ማሽኑ ተበላሽቶ እንደሆነ ያጣራል። ነባሩ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል፤ መጨፈኑ ለሙዚቃው ይሁን ከሥራ ስለመጣ ከውጭ አይታወቅም።

ከነባሮቹ መካከል ቀዳሚ ተናጋሪ የሚባለው ዝርያ አለ፤ ከተዋናዩ ግማሽ ሰከንድ ቀድሞ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ። ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የሚበረታው የቴክኒክ ሰው ነው፤ ፊልሙን ትቶ ስለ ጥቅልሉ ያወራል። በ70 ሚሊ ሜትር ይህ ፊልም ሲዘረጋ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ተኩል መሆኑን፣ ማለትም ከፒያሳ ቦሌ መድኃኔዓለም እንደሚያደርስ፣ ሳይጠየቅ ይናገራል። (አጥኚው ስሌቱን ራሱ ሠርቶታል፤ ሳይጠየቅም ለሦስት ሰው ተናግሯል።)

ጥናቱ ብዙ ጊዜ ያጠፋው ግን አስመስካሪ ላይ ነው። አስመስካሪ ፊልሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለእጮኛ፣ ትኬት ገዝቶ ያመጣና ከዚያ በኋላ ስክሪኑን አያይም፤ የሚያየው ያመጣውን ሰው ፊት ነው። ሎሬንስ ክብሪቷን እፍ ሲል ምስሉ ተቆርጦ በረሃው ላይ ፀሐይ ትወጣለች። አስመስካሪው ይህን ቁርጥ ራሱ ካየው ዘመን ሆኖታል፤ በዚያች ቅጽበት ምንጊዜም ወደ ጎን ዞሯል። «አየሽ?» ይላል። ያልታደለችው ተመስካሪም የመደነቅ ግዴታ ስላለባት፣ ፀሐይዋን ትታ የፊቷን ሁኔታ ታስተካክላለች። በውጤቱም በሁለት ትኬት ማንም ያላያት ፀሐይ ትወጣለች።

የአጥኚው ባለቤት በዚህ ጥናት ረዳት ሆና ያገለገለችው በዚሁ መንገድ ነው። አስተዋጽኦዋ ሁለት ነው። የውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ባለው ትዕይንት ላይ ኦማር ሸሪፍ ከአድማስ እንደ ነጥብ ብቅ ብሎ በሙቀቱ ጭጋግ ውስጥ ቀስ እያለ ይመጣል። የካሜራ ባለሙያው ፍሬዲ ያንግ ለዚህ ትዕይንት 482 ሚሊ ሜትር የሆነ ልዩ ሌንስ ተጠቅሟል። በቤት ሙከራ ወቅት ረዳቷ ነጥቡን አቧራ መስሏት ተነሥታ ቴሌቪዥኑን በጨርቅ ጠረገችው፤ ሸሪፍ አልጠፋም፤ እንዲያውም ቀረበ። በትልቁ ስክሪን ላይ ግን ነጥቡ ግመል፣ ግመሉም ሰው እስኪሆን ድረስ አልተነቃነቀችም። ለትልቅ ስክሪን ጥቅም በጥናቱ የተገኘው አሳማኝ ማስረጃ ይህ ነው።

ሁለተኛው አስተዋጽኦዋ በእረፍት ሰዓት፣ ፈንዲሻ ተይዞ፣ የቀረበ ጥያቄ ነው። (አገር ቤት ለቡና በነጻ የሚበተነው ፈንዲሻ እዚህ በምን ያህል እንደሚሸጥ መጻፍ ጥናቱን ወደ ምሬት ስለሚወስደው ታልፏል።) «ሴቶቹ የት ሄዱ?» አለች። በሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ የምትናገረው ቃል የለም። አጥኚው ጥያቄው ለሁለተኛው ክፍል እንዲቆይ ሐሳብ አቀረበ። ሁለተኛው ክፍልም መልስ አልሰጠም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሄዳል? የስክሪኑ ስፋት፣ የድምፁ ጥራት፣ «ድባቡ» የሚባሉት ምክንያቶች ተፈትሸው በቂ አልሆኑም። አጥኚው ዘንድ የሎሬንስ ዲቪዲ አለ። በቤት በተደረጉ ሙከራዎች አንድ ጊዜ ወጡ ሊያር ሆነ፤ አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተደወለ፤ አንድ ጊዜ ሪሞቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። አውራ ጣት ማቆሚያውን ከተጫነች በኋላ ፊልሙ በዚያ ሌሊት አይቀጥልም። በሳሎን በኩል የወደብ ከተማዋ አቃባ እስከ ዛሬ በቱርኮች እጅ ናት። በሲኒማ ቤቱ ግን ሽንት ቢመጣ፣ ስልክ ቢንቀጠቀጥ፣ ወጥ ቢያር፣ ሎሬንስ ማንንም ሳይጠብቅ ገብቶ ያዛት። ሰው ከፍሎ የሚገዛው ሊያቆመው የማይችለውን ፊልም ነው። ሲልቨር ቴአትር የሚያከራየው ከራሳችን አውራ ጣት የምንጠበቅበትን ወንበር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ግኝት አንድ ስውር ክፍል ላይም ብርሃን ይፈነጥቃል። በነባሮቹ መካከል «ደግሜ ልየው ብዬ ነው» እያለ የሚገባ፣ ነገር ግን ሸሪፍ ሲተኩስ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው አለ። ፊልሙን አይቶት አያውቅም፤ አይቼዋለሁ ማለት ከጀመረ ግን ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ከእኛ ሰው መካከል ይህ ዝርያ በብዛት የሚገኘው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አካባቢ ነው። ኃይሌ ገሪማ በ1976 ያወጣው ይህ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ በጨዋታ መካከል ሲነሣ አላየሁትም የሚል የተማረ ሰው ማግኘት ግን ከባድ ነው። «ሳንኮፋ»ም በ1993 ወጥቶ አከፋፋይ ሲያጣ ገሪማ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ አሳየው፤ በ2021 ታድሶ በኔትፍሊክስ በኩል ተመለሰ። የሱ የመጻሕፍትና የፊልም ቤት ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው፤ መንገዱ ሽቅብ ሲቀጥል በሲልቨር ቴአትር አጠገብ ያልፋል። በአንድ አስፋልት ላይ ሁለት ፊልም ቤት እያለ አይቼዋለሁ ማለት እየከበደ ሊሄድ ነው። ዳግም ልቀት ለእነዚህ ሰዎች ምሕረት ነው፤ ማንም ሳያውቅ ውሸታቸውን እውነት አድርገው ይወጣሉ። አጥኚው ይህን ክፍል በስም ለመዘርዘር የሚያስችል መረጃ አለው፤ ሠርግ ላይ ስለሚገናኙ ግን ተቆጥቧል።

የቀጣዩ ዙር ጥናት ርዕስ በረዳቷ ተመርጧል። በመርካቶው ሲኒማ ራስ የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ትውልድ አባል ናትና፣ ከሎሬንስ መልስ ክትፎ ቤት ተቀምጠን የ1975ቱ «ሾላይ» መታደሱን ስትሰማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። በመጀመሪያ ሲሠራ ታኩር ሽፍታውን ጋባር ሲንግን ይገድለው ነበር፤ የሕንድ ሳንሱር ከልክሎ ፖሊስ ደርሶ እንዲይዘው ተደረገ። በ2025 ግን የቀድሞው መጨረሻ ተመልሶለት ጣልያን፣ ቦሎኛ፣ ፒያሳ ማጆሬ ላይ ታየ።

«የት? ፒያሳ? ሲኒማ ኢትዮጵያ ነው?»

የጣልያኑ ፒያሳ መሆኑ ተብራራላት። ቅር አላት፤ ሆኖም ጋባር መሞቱን ደግማ አረጋገጠች። በዚህ ፊልም ላይ ባሳንቲ የምትባለዋ ጋሪ ነጂ አፏን ስለማትዘጋ፣ በሎሬንስ ላይ የተጓደለው የሴት ንግግር ከነወለዱ ይከፈላል ተብሎም ተስፋ ተደርጓል። ረዳቷ አቅራቢያችን መጥቶ ከታየ የትኬቱን ወጪ ራሷ እንደምትሸፍን ገልጻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ መጨረሻው ከተቀየረ አሚታብ ባችቻንም በአዲሱ ይተርፋል ወይ?

አክተር አይሞትም በሚል መርሕ ያደገች ሰው ናት። አጥኚው መልሱን ያውቃል፤ ትኬቱ እስኪገዛ ድረስ ግን ለጥናቱ ሲባል አቆይቶታል።