ጥሩ አመልካች እንዳይመጣ ምን ይደረግ?

ጥሩ አመልካች ደጃፉን እንዳይረግጥ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ብዙ ገንዘብ አያስፈልገውም። ሠራተኞቹን ስለ ሥራቸው ማናገር፣ ያሉትን አስተካክሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መልቀቅ፣ ከዚያ ውጤቱን መጠበቅ ብቻ ነው። ዘዴው በታላላቅ ድርጅቶች ተሞክሮ ሠርቷል።

የመጀመሪያው እርምጃ ወሬውን ከባለቤቱ አፍ መንጠቅ ነው። ጽሑፉን የሰው ኃይል ክፍሉ ያዘጋጅ፣ ሕዝብ ግንኙነቱ ያሳምረው፣ የሕግ ክፍሉ ደግሞ የቀረችውን ለዛ ይሰርዝ። የተረፈውን ሠራተኛው አርማ ያለበት ቲሸርት ለብሶ፣ ደረጃው ላይ ቆሞ ያነብንበው። “እዚህ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን” የምትለዋን ከዘለለ ቀረጻው እንደገና ይጀመር። ማታ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ አለቃው ሲቆጣ ምን እንደሚል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ጥሎ እንደሄደ ግን ፈጽሞ እንዳይነሣ። አመልካች ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ ነውና።

በዚህ ረገድ አማዞን በደንብ ሊጠና ይገባዋል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 የመጋዘን ሠራተኞቹን “አምባሳደር” ብሎ ትዊተር ላይ አሰማራ። ገጾቻቸው ተመሳሳይ ነበሩ፤ ስም፣ የአምባሳደርነት ማዕረግ፣ ከጎኑ የካርቶን ምልክት። ስለ መጋዘኑ አንድ ሰው ቅሬታ ሲጽፍ ከአምባሳደሮቹ አንዱ ከተፍ ይልና ሥራው ጥሩ እንደሆነ፣ ሽንት ቤት ከመሄድም የሚከለክል እንደሌለ ያስረዳል። ሽንት ቤት እንደሚፈቀድለት የሚምል ሠራተኛ ያየ አንባቢ ምን እንደሚያስብ መገመት አያዳግትም።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ዘ ኢንተርሴፕት የተባለው የዜና ተቋም እጁ የገባ የኩባንያውን ሰነድ ይፋ አደረገ። አምባሳደሮቹ የተመለመሉት ጨዋታ አዋቂነታቸው ታይቶ እንደሆነ፣ ለትችት እንዴት እንደሚመልሱም ናሙና እንደተዘጋጀላቸው ታወቀ። በዚያው በመጋቢት 2021፣ አላባማ ውስጥ ቤሴመር የሚገኘው መጋዘን ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ድምፅ ሲሰጡ፣ አምባሳደር ነን የሚሉ አስመሳይ ገጾች ብቅ አሉ። ትዊተር ከመካከላቸው የተወሰኑትን እስኪያግድ ድረስ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ተመልካቹን አስቸግሮት ነበር። እውነተኛው ሰው በተሰጠው ጽሑፍ ሲናገር ለአስመሳዩ ሥራ ያቀልለታል።

ኩባንያው በዚህም አላበቃም። ሠራተኞች በፕላስቲክ ጠርሙስ ይሸናሉ የሚለውን ክስ ለአንድ የምክር ቤት አባል በሰጠው ሹፈት አዘል መልስ ካስተባበለ በኋላ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ሾፌሮች ሽንት ቤት ለማግኘት እንደሚቸገሩ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። በጥር 2022 ፋይናንሺያል ታይምስ እንደዘገበው የአምባሳደሮቹ ፕሮግራም ድምፁን አጥፍቶ ተዘግቷል።

ሁለተኛው እርምጃ፣ መልሱን ለመስማት ሳይዘጋጁ መጠየቅ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በግንቦት 2019 አንድ ወታደር ሠራዊቱ እንዴት እንዳነጸው የሚናገርበትን ቪዲዮ ለቀቀና፣ ማገልገል ምን እንዳደረገላቸው ሌሎችንም ጠየቀ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መለሱ። መልሱ ግን ራሱን ስላጠፋ ወንድም፣ ስለ ሌሊት ቅዠት፣ ስለ ወሲባዊ ጥቃት ነበር። ሠራዊቱ ለተናገሩት ምስጋና አቅርቦ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ለመለጠፍ ተገደደ።

ስለ ደመወዝ ዝም ማለትም ግድ ነው። ቪዲዮው ስለ ቡና ማሽኑ፣ ስለ ልደት ኬኩ፣ ማርች 8 ስለታደለው አበባ በሰፊው ይተርክ፤ ከሥሩ የሚለጠፈው የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ግን እንደ ወጉ “ደመወዝ፦ በስምምነት” ይበል። አዲስ አበባ ውስጥ የቴሌግራም ቻናል ሲያገላብጥ የሚውል ሥራ ፈላጊ፣ ክፍያው ለታክሲ ይበቃ እንደሆነ ሳያውቅ ማስረጃውን ኮፒ ያስደርግ። የአሜሪካዋ ግዛት ኮሎራዶ ከጥር 2021 ጀምሮ ደመወዝ ማስታወቂያ ላይ እንዲጻፍ በሕግ ስታስገድድ፣ አንዳንድ ኩባንያዎች ከቤት ለሚሠራ ሥራ የኮሎራዶ ነዋሪ እንዳያመለክት እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ቆራጥነት እንዲህ ነው።

ታሪኩ ውስጥ ባለ ታሪኩ አለቃው ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። በነሐሴ 2022 አንድ አሜሪካዊ የማርኬቲንግ ድርጅት ኃላፊ ሠራተኞች ካሰናበተ በኋላ የራሱን የሚያለቅስ ፎቶ ሊንክድኢን ላይ ለጠፈ። የተባረሩት ያለቀሱ እንደሆነ ግን ፎቶው አይናገርም።

የይለፍ ቃሉ ማን ጋ እንዳለ ሳያጣሩ ማባረርም ፍቱን ነው። የብሪታንያው የሙዚቃ መደብር ኤችኤምቪ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ከስልሳ በላይ ሠራተኞቹን በአንድ ላይ ሲያሰናብት፣ ስንብቱ ከራሱ ከድርጅቱ የትዊተር ገጽ በቀጥታ ተዘገበ። የማርኬቲንግ ዳይሬክተሩ “ትዊተር እንዴት ነው የሚዘጋው?” ብለው መጠየቃቸው ሳይቀር ተጻፈ።

ከሁሉም መጠንቀቅ የሚገባው እንደ ሲስኮ እንዳይሆኑ ነው። ይህ የቴክኖሎጂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 የስናፕቻት ገጹን ለሠራተኞቹ በየተራ ሰጥቶ ውሏቸውን ራሳቸው እንዲያሳዩ አደረገ። የተዝረከረከ ጠረጴዛ፣ ያልተጠና ሳቅ፣ የተንተባተበ ንግግር ሁሉ ሊታይ ነው። አመልካች እንዲህ ያለውን ካየ ሊያምን ይችላል።

የቀረ አንድ ቀዳዳ አለ። ሥራ ፈላጊዋ ቪዲዮውን ከጨረሰች በኋላ ማመልከቻዋን ይዛ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃውን “አባባ፣ መሥሪያ ቤቱ እንዴት ነው?” ብላ ትጠይቃለች። እሳቸውም ግራ ቀኝ አይተው “ልጄ፣ ሰው አይበረክትላቸውም” ይሏታል። እንዲህ የሚሉ ጥበቃ በቶሎ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ይዛወሩ፤ በምትካቸው ለሚቀጠረውም ማስታወቂያ ይውጣ። ደመወዝ፦ በስምምነት።