አያ ጅቦ አራተኛ ፎቅ ላይ፦ የመኝታ ሰዓት ጅቦችን የመመደብ ሙከራ

የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች የአገራችንን ጅቦች ሲዘረዝሩ ነጠብጣቡንና ባለ መስመሩን ይጠቅሳሉ። በሁለቱም ላይ ብዙ ተጽፏል። ከሁለቱ ይልቅ በብዛት የሚገኘው፣ ከቆላ እስከ ደጋ የተሰራጨው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ የሚንቀሳቀሰውና የነርሰሪ ተማሪ ባለበት ቤት ሁሉ አልጋ ጠርዝ ላይ የሚታየው ጅብ ግን እስካሁን ተመራማሪ አላገኘም። መጠሪያው አያ ጅቦ ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተደረገ ትሑት ሙከራ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ተሳታፊዋ አራት ዓመት የሞላት የነርሰሪ ተማሪ ስትሆን፣ ለጥናቱ ፈቃዷን የሰጠችው «ሁለት ተረት ከሆነ» በሚል ቅድመ ሁኔታ ነው። የመረጃ አሰባሰብ ዘዴው ጎኗ መጋደም ነው። የዘዴው ድክመት አጥኚውን ብዙ ጊዜ ከተሳታፊዋ ቀድሞ እንቅልፍ የሚወስደው መሆኑ ነው፤ በዚህም የተነሳ ስለ ተረቶቹ መጨረሻ ያለን መረጃ ሳሳ ያለ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መዋዕለ ሕፃናት የልጁን ሁለንተናዊ ዕድገት እንዲያግዝና ለመደበኛ ትምህርት እንዲያዘጋጀው ይል ነበር፤ ስለ ጅብ ግን ያለው ነገር አልነበረም። የሐረር ልጆች ሆን ተብሎ ከጥናቱ ተገልለዋል። ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ሰው ለጅብ ሥጋ ሲያጎርስ ማየት የሚችል፣ በዓሹራ ገንፎ እንደሚቀርብለትም የሚያውቅ ልጅ ስለ ጅብ ከአባቱ የሚሰማው አዲስ ነገር የለም።

ወደ ምደባው እንግባ።

የአያት ጅብ ይበላል። ቀዳሚ ባሕርይው ይህ ነው። ተረቱ የታወቀው ነው፦ ጅብ ከወንዙ ራስ፣ አህያ ከወንዙ ግርጌ ሆነው ውሃ ይጠጣሉ። ጅቡ «ውሃዬን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ይላታል። አህያ «ጌታዬ፣ እኔ ያለሁት ከታች፤ እንዴት አድርጌ?» ትላለች። እሱ ሌላ ሰበብ ይፈልጋል፤ እሷም መጨረሻ ላይ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» ትለዋለች። ይበላታል። አያት እዚህ ላይ አትቸኩልም፤ ከአንጀቷ ጀምሮ እስከ አጥንቷ ድረስ በቅደም ተከተል ታስረዳለች። ይህ ከሳይንሱ ጋር አይጋጭም፤ የነጠብጣቡ ጅብ መንጋጋ አጥንት ያደቃል። አጥኚው በነጠብጣብ ጅቦች ዘንድ መንጋውን የምትመራው ሴቷ መሆኗን ጠቅሶ ተረቱ እንዲታረም ለአያት ሐሳብ ቢያቀርብ፣ «ታዲያ ቤቱንስ የምትመራው ማን መሰለህ?» የሚል መልስ ተሰጥቶታል።

የአያት ጅብ በሕግ የታጠረ ነው። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» የሚል ካልተገኘ ተረት የለም፤ ተሳታፊዋ አፏ ውስጥ የጥርስ ብሩሽ ይዛም ቢሆን መመለስ አለባት። ማብቂያውም «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ነው። ይህን ማብቂያ ተሳታፊዋ እንደ ውል ስለምታየው፣ ጥርሷ ከተቦረሸ በኋላ ዳቦ ይመጣላት ዘንድ ትጠይቃለች። ዳቦውን በልታ፣ የአህያዋን አንጀት እያሰበች፣ ጥርት ያለ እንቅልፍ ትተኛለች። ዓይኑ ፈጦ የሚያድረው ከጎን ያለው አዋቂ ነው።

የእናት ጅብ ይጸጸታል። እናት ልጅን በመኝታ ሰዓት ማስፈራራት እንደማይገባ የሆነ ቦታ አንብባለች። በእሷ ወንዝ ዳር ጅቡ «ይቅርታ» ይላል፤ አህያም «ችግር የለም» ትላለች፤ ሁለቱም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጅቡ ጎመን ይበላል። ተሳታፊዋ ይህን ጅብ በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ «ከዛስ አልራበውም?» ብላ ጠይቃለች። ጥያቄው እስከዚህ ጽሑፍ መጠናቀቅ ድረስ መልስ አላገኘም።

የሞግዚት ጅብ ተረት የለውም፤ አድራሻ ነው ያለው። ምሳ ላይ «ካልጎረስሽ ይመጣል» ይባልለታል፤ የሚኖረውም ታች ከጥበቃው ቤት ጀርባ ነው። ይህ ዝርያ ለመጥፋት ተቃርቧል፤ ምክንያቱም ተሳታፊዋ አንድ ቀን ወርዳ ጥበቃውን «ጋሼ፣ ጅቡ የት ሄደ?» ብላ ጠይቃው፣ ምንም ያልተነገረው ጥበቃ «የምን ጅብ?» አላት።

የቴሌቪዥን ጅብን በአጭሩ እንለፈው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ለአሥርተ ዓመታት ለአገር ሙሉ ልጅ ተረት ነግረዋል። አጥኚውም ከሰሚዎቹ አንዱ ነበር። ኋላም «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የምትባለው ቀጭኔ መጣች፤ ቀጭኔ ግን ከርዕሳችን ውጭ ናት። ለጥናታችን የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፦ አባባ ተስፋዬን መሀል ላይ ማንም አቋርጦ «ጅቡ ጫማ አለው?» አላላቸውም። ያለንበት ዘመን አባት ይህ ዕድል የለውም።

አሁን ወደ አባት ጅብ ደረስን። ይህ ከሁሉም አጭሩ ጅብ ነው። እድሜው ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም። ለማጠሩ ተመራማሪዎች የተለያየ ምክንያት ሊሰጡ ይችላሉ፤ የታክሲ ሰልፍ፣ የሥራ ድካም፣ በሌላኛው ክፍል የተጀመረ የእንግሊዝ ኳስ። አባት ጅብን የሚያሳጥርባቸው ስልቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዘለላ ነው። አባት የአህያዋን ክርክር ዘልሎ በቀጥታ ወደ መበላቱ ይገባል። ተሳታፊዋ አንሶላውን ገልጣ ቁጭ ትላለችና ስልቱ አይሠራም። «አይደለም! መጀመሪያ ውሃዬን አደፈረስሽ ነው የሚላት!» ሁለተኛው ውህደት ነው፤ ሁለት ተረት ቃል የተገባባቸው ሌሊቶች ላይ ጅቡን፣ ጦጣዋንና አንበሳውን አንድ ወንዝ ዳር ሰብስቦ በአንድ ጊዜ መገላገል። ይህም ተሳታፊዋ ስለምትቆጥር አይሠራም።

ሦስተኛው ስልት የእንቅልፋም ጅብ ስልት ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርገን መናገር ግድ ይለናል።

ስልቱ እንቅልፍ በተረት በኩል ይጋባል በሚል ንድፈ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው። አባት ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ከዛ ጅቡ ደከመው» ይላል። «አህያዋም ደከማት። ወንዙም ደከመው…»

«ወንዝ አይተኛም።»

«እሺ፣ ወንዙ አልተኛም። ጅቡ ግን እንቅልፉ መጣና ‹ቁርበት አንጥፉልኝ› አለ።»

አባት ይህን ያለው አስቦበት አይደለም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ላይ ስላለ አፉ በራሱ አወጣው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የተወለደች ልጅ ግን ቁርበት አይታ አታውቅም።

«ቁርበት ምንድን ነው?»

«ቆዳ ነው። ድሮ ሰው የሚተኛበት።»

«የማን ቆዳ?»

«የላም።»

ዝምታ ሆነ። አባት ስልቱ የሠራ መስሎት መብራቱን ሊያጠፋ ተነሳ። ተሳታፊዋ በጣም ቀስ ብላ፣ «የላም በረት ያለችው ላም ናት?» አለች።

እዚህ ላይ የአባቶች ንድፈ ሐሳብ የመጀመሪያውን ከባድ ውድቀት አጋጥሞታል። በየማታው «የላም በረት» እያለች ስትጠራት የኖረችው ላም ቆዳዋ ተገፍፎ ጅብ ሥር ተነጥፋ ተገኘች። ላሟን ከሞት ለማስነሳት አባት በረቱ ድረስ መሄድ፣ መልኳን መናገር፣ ቆዳው የሌላ፣ የማናውቃት፣ ሩቅ አገር የምትኖር ላም መሆኑን በምስክር ማረጋገጥ ግድ ሆነበት። በመጨረሻም ቁርበቱ ተሰርዞ ጅቡ ስፖንጅ ፍራሽ እንዲገዛ ተወሰነ።

ፍራሽ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። «ቤቱ የት ነው?» ሲባል አባት ከሩቅ አላሰበም፤ እኛ ሕንፃ አለ። ጅቡ አራተኛ ፎቅ ገባ። አህያዋ ደረጃ መውጣት ስለማትችል ምድር ላይ ቀረች። ወንዙም ደረጃ ስለማይወጣ የቧንቧ ውሃ ሆነ። አባት እስካሁን የረባ ነገር እንዳልተለወጠ ያምን ነበር፤ ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች፣ እንደ ጥንቱ።

«እና ጅቡ ከላይ ሆኖ፣ ‹ውሃዬን ለምን ታጠፊብኛለሽ?› አላት።»

«እውነቱን ነው» አለች ተሳታፊዋ።

«እንዴት እውነቱን ነው?»

«አባዬ፣ ታች ያሉት ሲከፍቱ እኛ ጋ ይጠፋል አላልክም?»

ብሎ ነበር። እንዲያውም ያን ጠዋት ሰውነቱ ሳሙና እንደተቀባ፣ ባዶ ጀሪካን በእጁ ይዞ፣ መላው ሕንፃ እስኪሰማ ድረስ ብሎ ነበር። በወንዝ ላይ ያለው ሕግ በኮንዶሚኒየም ይገለበጣል። ወንዝ ላይ የላይኛው የታችኛውን ያጠፋል፤ ግፊት ባጣ ቧንቧ ላይ ግን ምድር ያለችው አህያ ልብሷን ስታጥብ አራተኛ ፎቅ ያለው ጅብ ፊቱን አይታጠብም። ስንት ትውልድ የጉልበተኛ ሰበብ ነው እያለ ሲያስተምርበት የኖረው ክስ፣ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ሕጋዊ አቤቱታ ሆኖ ተገኘ።

አጥኚው ገለልተኛነቱን ለመጠበቅ ሞክሯል። ነገር ግን ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የሚኖር ሰው ስለዚያች አህያ በቀዝቃዛ ልብ ሊጽፍ አይችልም። ታንከር አላት። ሁለት ታንከር ነው ያላት። ውሃ በመጣች ሌሊት ሁለቱንም ሳትሞላ ለማንም አታሳልፍም፤ በማግስቱም ደረጃ ላይ ስታገኝህ «እናንተም ጋ መጣ አይደል?» ትልሃለች። ኮሚቴ ተጠርቶም ነበር፤ እንዳልመጣች ብቻ ጠቁመን እንለፍ።

አባትና ልጅ በዚያ ሌሊት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ነቅተው የጅቡን ጉዳይ መርምረዋል። ለጅቡ ፓምፕ እንዲገባለት ሐሳብ ቀርቦ በመብራት ምክንያት ውድቅ ሆኗል። በማግስቱ ጠዋት ተሳታፊዋ ከሰርቪስ አርፍዳለች። በኮሙኒኬሽን ደብተሯ ላይም «ልጆች በጊዜ ይተኙ» የሚል ማስታወሻ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎ መጥቷል።

ይህ ሁሉ የቤት ጉዳይ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የቤት ሥራው ባይመጣ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ሲዘጉ የልጆች ሥራ በቴሌግራም መላክ ተለመደ። ወረርሽኙ ሄደ፤ ግሩፑ ግን አለ። ከወላጆች መልካም አዳር፣ ከጠፋ ሹራብና ከልደት ኬክ ፎቶ መካከል አንድ ሐሙስ ማታ እንዲህ የሚል መልእክት ወጣ፦ «ውድ ወላጆች፣ ልጆች በቤት ውስጥ የሰሙትን ተረት ሲናገሩ ከሁለት ደቂቃ ባልበለጠ ቪዲዮ ቀርጻችሁ እስከ እሑድ ላኩልን።»

የምደባ ሥራ በቤተ ሙከራ ደረጃ ምን ያህል እንደሚፈተን የታየው ያን ቅዳሜ ነው። አያት የራሷ ጅብ እንዲቀርብ ጠየቀች፤ ተረት ከተባለ እሱ ነው። እናት ቪዲዮውን ሌሎች ወላጆችም እንደሚያዩት አስታውሳ፣ አንጀት የሚባል ነገር ግሩፕ ላይ እንዳይወጣ አስጠነቀቀች። አባት ሁለት ደቂቃ ለእሱ ጅብ ከበቂ በላይ መሆኑን ጠቆመ። ተሳታፊዋ የአበሻ ቀሚሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ቆማለች። ስልኩ በሽሮ ቆርቆሮ ተደግፎ ቆሟል። «ተረት ተረት» አለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ ከካሜራ ጀርባ ሆኖ «የላም በረት» አለ፤ ሞግዚቷም ከጓዳ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቪዲዮው መዝግቦታል። ጅቡ አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ፍራሽ አለው። እጁን ሳሙና ተቀብቶ ሳለ ውሃ ይጠፋበታል። ወደ ታች ተጣርቶ ቢጮህ አህያዋ አልሰማም ትላለች። ጅቡ ኮሚቴ ይጠራል። አህያዋ አትመጣም። ተሳታፊዋ እዚህ ላይ አያቷን አየት አደረገችና «ከዛ ወርዶ በላት። ከአንጀቷ!» አለች። ሞግዚቷ ሳቀች፤ ሳቁ ቪዲዮው ውስጥ ይሰማል። እናት «ይቅርታ አለ በይ፣ ይቅርታ አለ በይ» እያለች የሹክሹክታ ትእዛዝ ስትሰጥም ይሰማል። ተሳታፊዋ ትንሽ አሰበችና «ይቅርታ ብሎ በላት» ስትል አረመችው።

ደግመን መቅረጽ አልቻልንም፤ ውሃ መጥቶ ስለነበር ሁላችንም ወደ ጀሪካን ሮጥን። እሑድ ማታ እንዳለ ተላከ።

በዚህ ምደባ ሥር የጎረቤት ጅብ፣ የአጎት ጅብና ከዱባይ በቪዲዮ ጥሪ የሚነገረው የአክስት ጅብ ሊታዩ ታቅደው ነበር። ሆኖም ሰኞ ጠዋት ከሚስ ለሁሉም ልጅ እኩል አንድ የአበባ ስቲከር ከተላከ በኋላ ቀጣዩ የቤት ሥራ ስለወጣ ጥናቱ ተቋርጧል። ለረቡዕ ከካርቶን ቤት ሠርታችሁ ላኩ ይላል። ባዶ የጫማ ካርቶን ያላችሁ ጎረቤቶች አራተኛ ፎቅ ብታቀብሉን። ምድር ያለችውን ሴትዮ ግን አንጠይቅም።