«ያልጠየቅኩዎት ነገር ካለ…»፦ በልደታ የፖድካስት ጨዋታ ላይ የቀረበ ጥናት

መግቢያ

ፖድካስት ማለት ሁለት ሰዎች ካሜራ የሌለ አስመስለው በሦስት ካሜራ ፊት የሚጨዋወቱበት ጥበብ ነው። አንደኛው ጠያቂ፣ ሌላኛው እንግዳ ይባላል። የትኛው የቱ እንደሆነ ከወንበሩ እንጂ ከንግግሩ ብዛት መለየት አይቻልም። ጥናቱን ያስነሣውም ይኸው ችግር ነው።

የጥናቱ አካባቢና ዘዴ

ልደታ የተመረጠችው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ የጥያቄ ሰፈር ናት። ፍርድ ቤቱ እዚያው ስለሆነ ጠበቃ፣ ዐቃቤ ሕግና ምስክር ሲጠያየቁ ይውሉባታል። ሁለተኛ፣ አጥኚው የሚኖረው እዚያው ነው፤ የትራንስፖርት በጀት አላስፈለገም። ከአጥኚው ኮንዶሚኒየም በላይ ባለው ፎቅ አንድ ወጣት ስቱዲዮ ከፍቷል። ግድግዳው የእንቁላል ካርቶን ለብሷል። ካርቶኑ የውጭ ድምፅ እንዳያስገባ ተነግሮታል፤ የውስጡን እንዳያስወጣ ግን የነገረው የለም። መረጃው የተሰበሰበው በዚህ መንገድ ነው፤ ለዓይን የሚሆነው ከቪዲዮው ተሟልቷል።

በተጠናው ቅዳሜ የቀረቡት እንግዳ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ትዝታቸውን በመጽሐፍ አሳትመዋል።

የቀደሙ ሥራዎች ቅኝት

ጠይቆ መስማት ለዚህ አገር አዲስ አይደለም። በበላ ልበልሃ ዘመን ሙግት በቃል ነበር፤ ተሟጋቾች በማር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር። ዳኛ ከታጣም መንገደኛ አስቁመው ይዳኙ ነበር። የባላጋራውን ቃል ልቅም አድርጎ ያልሰማ ተሟጋች የሚመልሰው ስለማይኖረው ማሩን ይከፍላል። ዛሬ ያልሰማ ጠያቂ ከስፖንሰር ይከፈለዋል። ይህ እንደ ዕድገት መታየት አለበት።

ከቅርቡ ደግሞ የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» አለ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 አንድ እንግዳ ለተከታታይ ሳምንታት ሕይወቱን ሲተርክ ይሰማል። አድማጭ ጋ የሚቀረው የእንግዳው ሕይወት እንጂ የጠያቂዋ ልጅነት አይደለም። ጉድለቱ በዘመኑ ጠያቂዎች ታርሟል።

ግኝት አንድ፦ የጥያቄው ርዝመት

የከተማው ባቡር ከ2008 ዓ.ም ጀምሮ በልደታ ስለሚያልፍ ሰዓት መለኪያ አላስፈለገም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲጀመር ባቡሩ ወደ ጦር ኃይሎች እየሄደ ነበር። ጥያቄው ሲያልቅ ወደ አያት እየተመለሰ ነበር። በመካከሉ ጠያቂው የራሱን ትምህርት ቤት፣ አንድ ጓደኛው ያለውንና ፍትሕ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስረድቶ፣ «አይደል እንዴ?» ሲል ዘጋ። ዳኛው ግራ ቀኙን ተመለከቱ፤ ተቃውሞ የሚያሰማ ጠበቃ አጡ። «ልክ ነህ ልጄ» አሉ።

እንዲህ ያለውን የሕግ ሰዎች «መሪ ጥያቄ» ይሉታል፤ መልሱን በሆዱ አርግዞ የሚመጣ ጥያቄ ነው። በ1954 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ምስክር በዋና ጥያቄ ሲመረመር ያለ ፍርድ ቤቱ ፈቃድ መሪ ጥያቄ እንዳይቀርብለት ይከለክላል። የሚፈቅደው ለመስቀለኛ ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተመራ ምስክር የሚናገረው የጠያቂውን ቃል ነው። ስቱዲዮው ለፍርድ ቤቱ ቅርብ ነው፤ ሕጉ ግን አስፋልቱን አልተሻገረም።

ግኝት ሁለት፦ ዝግጅት

«አይዘጋጁም» የሚለው ሐሜት ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ወንበሩ ተመርጧል፣ መብራቱ ተስተካክሏል፣ ማይኩ ተፈትሿል፣ የፕላስቲክ አበባው አቧራ ተራግፏል፣ ጠያቂውም ፀጉሩን ተስተካክሏል። የዳኛው መጽሐፍ ሽፋኑን ለካሜራ ሰጥቶ ቆሟል። ያልተዘጋጀው ጥያቄው ብቻ ነው።

መጽሐፉ አለመገለጡ የታወቀው ዳኛው «እሱን እኮ ምዕራፍ ሦስት ላይ ጽፌዋለሁ» ባሉ ጊዜ ነው። ጠያቂው «በጣም ደስ ይላል» አለ። «በጣም ደስ ይላል» በዚያ ቅዳሜ ለሠርግ፣ ለስደትና ለእስራት እኩል አገልግሏል።

ግኝት ሦስት፦ ዝምታ

ዳኛው ስለ አንድ ፍርድ አነሡ። ከወሰኑ በኋላ እንቅልፍ ያጡበት ፍርድ ነበር። «ያን ሌሊት…» ብለው ቆሙ። አጥኚው ማንኪያውን ከሲኒው ሳያጋጭ ያዘ። ከላይ የተሰማው «እሱን ይዘን ወደ ስፖንሰራችን እንለፍ!» የሚል ድምፅ ነው። ሲመለሱ ርዕሱ «ወጣቱን ምን ይመክሩታል?» ሆኗል።

ግኝት አራት፦ ከቀረጻ በኋላ ማሰላሰል

ማሰላሰል አለ። ጠያቂው ስልኩን በየአምስት ደቂቃው ከፍቶ ስንት ሰው እንዳየው ያሰላስላል። ማዶ ያለው ችሎት ነገር ሲከብደው «መዝገቡን መርምሮ ለመወሰን» ብሎ ይቀጥራል። ቀጠሮ በልደታ የሚታማ ነገር ነው። አጥኚው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅሙ ታየው።

የመፍትሔ ሐሳብ

መጽሐፉ ይነበብ፤ ቢያንስ እስከ ምዕራፍ ሦስት። ጥያቄው ባቡሩ ከፌርማታው ሳይነሣ ይለቅ። መልሱ የሚታወቅ ከሆነ አይጠየቅ። እንግዳው ሲቆም ጠያቂውም ይቁም፤ ስፖንሰሩ አይሞትም። ከቀረጻ በኋላ ጠያቂው ድምፁን ብቻውን ቁጭ ብሎ ይስማ፤ የራሱን ቃልና የእንግዳውን ቃል ቆጥሮ ያስተያይ። የእሱ ከበዛ እንግዳ መጥራት ሳያስፈልገው በቤቱ ሊቀዳ ይችላል።

ማጠቃለያ

በመጨረሻ ጠያቂው «ያልጠየቅኩዎት ነገር ካለ?» አለ። ያልሠራውን ሥራ ለእንግዳው መስጠቱ ነው። ዳኛው «የለም፣ አመሰግናለሁ» አሉ።

አጥኚው ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ ዳኛው ከደረጃው ሥር ከጥበቃው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። የዚያን ሌሊት ነገር እየነገሯቸው ነበር። ጥበቃው ማይክ የላቸውም፤ መጽሐፉንም አላዩም። ዳኛው ቆም ሲሉ እሳቸውም ቆም ይላሉ። ዝምታው ሲረዝም አንዲት ጥያቄ ያቀርባሉ፦ «ከዚያስ?»

አጥኚው ከዳቦ ቤት ሲመለስም አልጨረሱም። ይህኛው ጨዋታ አልተቀዳም።