ወፍጮው እየዞረ

እናቴ ለጣራ ገዳም የተሳለችውን ጧፍ ስታስጨብጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነው ያስጠነቀቀችኝ፤ «በመንገድ እንዳትገተር።» እኔ ግን አዲስ ዘመን ከተማ ከመኪና ወርጄ ቀና ብል ገዳሙ ከነደኑ አናቴ ላይ ነው። ምን አስቸኮለኝ ብዬ ጎራ አልኩ፣ አክስቴ ወፍጮ ቤት። ጥፋቱ እዚህ ጀመረ። ኧረ የለም፣ የጀመረስ አምና ነው፤ የፓይተን ፕሮግራሚንግ ትምህርቴን ከመንፈቅ አቋርጬ የወፍጮ ቤቱን ሒሳብ የሚሠራ ፕሮግራም የጻፍኩላት ዕለት።

«እሰይ መጣህ!» አለች ዱቄቱን ከሽፋሽፍቷ እየጠረገች። «ማስፈጫ በኪሎ 3 ብር ገብቷል፤ ይኼ ዕቃህ ግን 2 ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።»

ወረፋው ከበር ወጥቷል። አጥፍቶ ማስተካከልማ ማንም ያደርገዋል። የፓይተን ጣዕሙ ፕሮግራሙ በሕይወት እያለ ሆዱ ውስጥ ገብቶ መነካካት ነው፤ ስጽፈው አብሬ ባበጀሁት ጥቁር መስኮት ሦስት የቀስት ራስ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል፣ አንድ መስመር ትጽፋላችሁ፣ እዚያው ይታዘዛል። እዚህ ጎረቤታችን ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው የሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር የት አግኝተው! መድፍ አንዴ ከቀዘቀዘ ቀዘቀዘ ነው።

«ወፍጮ እየዞረ ይወቀራል እንዴ?» አለች አክስቴ። የእሷ ድንጋይ ሲልም ሞተሩ ይጠፋል፣ ድንጋዩ ይወርዳል፣ ከዚያ ነው መውቀሪያው የሚነሣው። ሳቅሁባት። ከዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬም ትምህርት ጀመርኩ፦ በአውሮፓውያኑ 1999 የአሜሪካኖቹ ዲፕ ስፔስ 1 መንኮራኩር ከምድር ከ90 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሳለ፣ ሊስፕ በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራሟ መሃል ላይ ቀጥ ቢልባቸው፣ መሐንዲሶቹ እዚሁ ምድር ሆነው ውስጡን እየጠየቁ ችግሩን ደረሱበት! «እና እኔ አዲስ ዘመን ላይ አንዲት ብር ያቅተኛል?»

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። 25 ኪሎ ጤፍ ያስፈጩ እናት ተራ ደረሰና ኮምፒውተሩ «750 ብር» አለ።

«ልጄ፣» አሉ ረጋ ብለው፣ «ላስፈጭ ነው እንጂ ወፍጮውን ልገዛ አልመጣሁም።»

30 ጽፌ ኖሯል። ወረፋው ተንጫጫ፤ እኔ ግን ወዲያው ዜሮዋን አነሣሁ፣ 75 ሆነ። አያችሁ፣ ሳይጠፋ! ልቤ አበጠ። ልብ ሲያብጥ ደግሞ እጅ አያርፍም፤ ለገብስ ሌላ ዋጋ አስገባሁ፣ ለዱቤ ደንበኞች መዝገብ ከፈትኩ፣ «እግዜር ይስጥልን» የሚል ምስጋና ሳይቀር ጨመርኩ። ሁሉንም በዚያችው በሦስቷ ቀስት።

መብራት ሄደ።

ወፍጮው በናፍጣ ነውና ግድ አልሰጠውም፣ ይዞራል። የኔው ባትሪ የሌለው ኮምፒውተር ብቻ ድርግም አለ። ጥጉ ጨለማ ነው፣ ሰው ይጮኻል፣ እኔ ገመዱ ተነቅሎ ይሆን እያልኩ እዳብሳለሁ፤ በእጄ የገባውን ለኮስኩና ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ። መብራቱ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ ገብስ የለም፣ ዱቤ የለም፣ እግዜር ይስጥልን የለም። 2 ብር። ያን ሁሉ ያስተካከልኩት በማሽኑ ራስ ውስጥ እንጂ ፋይሉ ላይ አንዲት ፊደል አልነካሁም ነበር።

አክስቴ አልሳቀችም፣ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ከሰል አነሣችና በሩ ላይ «3 ብር» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወደ እጄ አየች።

«አንተ፣ ይኼ የማን ጧፍ ነው?»

ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። «ደረስክልኝ?»