እንግዳ ካልመጣ ቲያትር የለም

ስድስት ኪሎ የሚኖር ሰው ቲያትር የሚያየው እንግዳ ሲመጣበት ነው። ከየካቲት 12 ሐውልት ተነስቶ በአፍንጮ በር ቁልቁል ቢወርድ፣ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ቢል፣ ላቡ በወጉ ሳይወጣ ሀገር ፍቅር ቲያትር ይደርሳል። ግን አይሄድም። «እዚያው አይደል ያለው? የት ይሄዳል?» ይላል። አንበሳ ግቢንም የምናየው በዚሁ ዓይን ነው። አንበሶቹ ሌሊት ሲያገሱ በነፃ እየሰማን ስላደግን፣ ፊታቸውን ለማየት መክፈል ኪሳራ ይመስለናል።

ቲያትር በቁም ነገር የሚታቀደው ደብረ ብርሃን ነው። አጎቴ የሚኖሩት እዚያ ነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው። ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸውና ለጉዞው ያወጡት ዕቅድ ዓላማ፣ ዝርዝር ተግባር፣ መርጃ መሣሪያና ምዘና አለው። ዓላማው «ጉልበት ሳይከዳ አንድ ሙሉ ቲያትር መድረክ ላይ ማየት» ይላል። መርጃ መሣሪያው አክስቴ የሚቋጥሩት ስንቅ ነው። የሚመዘነው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም፤ እኔ መሆኔ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ጠዋት ተሳፍሮ ላምበረት መውረድ፣ ምሳ መብላት፣ አረፍ ብሎ ወደ ቲያትር ቤት መሄድ። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። በእኛ አገር አንድ ቲያትር በየምሽቱ አይታይም፤ ከሳምንቱ የራሱ ቀን አለው። የረቡዕ ቲያትር አለ፣ የአርብ ቲያትር አለ፣ የእሁድ ቲያትር አለ። ሕዝብ ከወደደው በዚያችው ቀኑ እየተመላለሰ ዓመታት ይቆያል፤ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቲያትር እንዲያ ነው የከረመው። ይህ አሠራር ለአዲስ አበቤ ይመቻል፤ ዛሬ ቢያመልጠው ለሳምንት ይደርሳል። እኛም በዚሁ ምክንያት ሳምንት ሳምንት እያልን ሳናየው ከመድረክ ይወርዳል።

ደብረ ብርሃንም የራሷ ቀን አላት። ረቡዕና አርብ ጾም ነው። አክስቴ በጾም ቀን ኮሜዲ አይዋጥላቸውም። «አፍ ከእህል ተከልክሎ በሳቅ ሲከፈት ይዋል?» ይላሉ። ቅዳሜ ገበያ ነው። እሁድ ዕድር ነው፣ አጎቴ ደግሞ ጸሐፊ ናቸው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ማኅበር አለ። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን በሙሉ ይሰረዛል።

«ጋሼ፣ አንድ እሁድ ዕድሩ ቢቀርብዎትስ?» አልኳቸው።

«መቀጫው ግድ የለም፤ እከፍላለሁ። ጸሐፊው የት ሄደ ሲባል ግን ምን ይባላል? ቲያትር ሊያይ?»

ሰውዬው ቲያትርን ንቀው እንዳይመስላችሁ። ታሪኩን ከኔ አብልጠው ያውቁታል፤ በስልክ ሲያስተምሩኝ የሚያልቀው ካርድ የኔ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመድያ» መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ጽፈውት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። አውሬዎቹ የሚያወሩት ግን ስለ ዱር አልነበረም፤ ስለ ሹማምንቱ ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ቲያትር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሀገር ፍቅርም ሲጀመር ማኅበር ነበር። ጣሊያን ሊወርር ሲያኮበኩብ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ እነ መኮንን ሀብተ ወልድ ሕዝቡን ለመቀስቀስ አቋቋሙት፤ ያኔ በንግግርና በዘፈን የሚቀሰቀሰው ሕዝብ የሚሰበሰበው ምኒልክ አደባባይ ነበር። አጎቴ ይህን ሁሉ ተርከው ሲያበቁ፣ «አንተ እዚያው ተቀምጠህ ይሄን አታውቅም» ይሉኛል። መልስ የለኝም። ስድስት ኪሎ ለመኖር ፈተና የለውም።

አክስቴ በዚህ መሃል ስልኩን ይቀበላሉ። «አንተ ልጅ፣ ሰይጣን ቤት የሚባለው ፒያሳ አልነበረም እንዴ?»

«እሱ ሲኒማው ነው፣ እትዬ። ሲኒማ አዲስ ሲመጣ ሰው የሰጠው ስም ነው።»

«እና ቲያትሩ ከሰይጣን ቤት ስንት እርምጃ ነው?»

በመጨረሻ የተስማሙት ፒያሳ ጊዮርጊስ ስላለ ነው። ጠዋት ጊዮርጊስን ተሳልመው ማታ አጎቴን ሊከተሉ ቃል ገቡ። ያ ቤተ ክርስቲያን ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት መሆኑን አጎቴ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለአክስቴ ግን አልነገሯቸውም። አክስቴ ያንን ቢሰሙ ከቲያትሩ ይልቅ ከከልካይዋ ጎን ይቆማሉ ብለው ይሰጋሉ፤ እኔም እሰጋለሁ።

ሁለት ሰው የነበረው ተጓዥ ከዚያ ወዲህ በዛ። የአጎቴ ልጅ በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ካላየሁ አለች። እሷ ስትመጣ ልጇ ይመጣል። ልጁ ደግሞ አንበሳ ካላየሁ ብሏል። የኔ ቤት ስንት ሰው እንደሚያስተኛ እስካሁን የጠየቀኝ የለም። ቲያትሩ የሚጀምረው ወደ አመሻሹ ነውና ሲያልቅ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ መኪና አይገኝም፤ ማደር ግድ ነው። አጎቴ መኝታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጉት፤ «ብርድ ልብስ ይዘን እንመጣለን።» የደብረ ብርሃን ሰው የከተማውን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ይዞ ስድስት ኪሎን ብርድ አለባት ብሎ ሲሰጋ ማየት ራሱ ቲኬት ያስቆርጣል።

እኔን የሚከብደኝ ከቲያትሩ በኋላ ያለው የዕቅዱ ክፍል ነው። አጎቴ ፒያሳን የሚያውቁት በወጣትነታቸው ነው። ቀጠሯቸው ማሕሙድ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ፣ እራታቸው ዶሮ ማነቂያ ነበር። «ከቲያትር ቤቱ ወጥተን ዶሮ ማነቂያ ጥብስ» ብለው በዕቅዱ ላይ ጽፈዋል፤ የሚጋብዙትም እሳቸው ናቸው። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። በዜና አይተዋል፣ ግን ዜና ሲያዩ የፈረሰው ሌላኛው ጫፍ ነው የሚመስላቸው። «ከጀርባ በኩል ያለችዋ ትንሿ ቤት ትኖራለች» ይሉኛል። እንደሌለች ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ «እሺ፣ ጥብሱን አክስትህ ቤትህ ትሠራዋለች፤ ሥጋውን አንተ ግዛ» አሉ። ዕቅዱ ተሻሻለ ማለት ነው።

አሁን ያለንበት ደረጃ ይህ ነው፦ ከፋሲካ በኋላ ያለ አንድ እሁድ ተመርጧል፤ ዕድሩ ምክትል ጸሐፊ ሰይሟል፤ አክስቴ ቆሎውን ቆልተው ጨርሰዋል። ቆሎው እስከዚያ ይቆያል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ትናንት ማታ አጎቴ ደወሉ።

«ቲያትሩን አንተ ቀድመህ እየው» አሉ።

«ለምን ጋሼ? አብረን እናየው የለ?»

«መጨረሻው ላይ ሰው የሚሞት ከሆነ ንገረኝ። አክስትህን ታውቃታለህ፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትወጣው። ኋላ ሠልስት ሳታወጣ ደብረ ብርሃን አልመለስም ትለኛለች።»